ዳቦውን የመረመሩት ሐኪም፦ የዊለም ካረል ዲከ ሕይወት

ፔታሕ ቲክቫ ውስጥ የትኛውም ሱፐርማርኬት ብንገባ «ሌሎ ግሉተን»፣ ማለትም ግሉተን የሌለበት፣ የሚል ምልክት ያለባቸውን ዕቃዎች አናጣም። ዳቦውም፣ ብስኩቱም፣ ፓስታውም ከሌላው ይወደዳል። ያም ሆኖ ከእኛ ከተማሪዎቹ መካከል ምንም ሕመም ሳይገኝባቸው እሱን ብቻ መግዛት የጀመሩ አሉ። ቤት ሄደው የሰንበት ዳቦ ሲቆረስ እጃቸውን የሚሰበስቡም አሉ። ለምን ሲባሉ ግሉተን ሆድ ይነፋል፣ አንጀት ይጎዳል፣ ያደክማል ይላሉ።

ይህ አባባል ከመሬት አልተነሣም። የስንዴ ዳቦ አንዳንድ ሰዎችን ክፉኛ እንደሚያሳምም በሥርዓት መርምረው ያሳዩ አንድ የሆላንድ የሕፃናት ሐኪም ነበሩ፤ ስማቸው ዊለም ካረል ዲከ ይባላል። በዚህ እትም የእሳቸውን ሕይወት የምንተርከው፣ እሳቸው ያገኙትና ዛሬ በየመንገዱ የሚወራው የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ስለምናይ ነው። ልዩነቱን አለማወቅ ደግሞ ጤነኛውን ያለ ጥቅም ያስወጣል፣ ታማሚውንም ሕመሙን ያስደብቀዋል። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ዲከ የተወለዱት ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1905 በሆላንድ፣ ዶርድሬኽት በምትባል የወንዝ ዳር ከተማ ነው። ከ1922 እስከ 1929 በላይደን ሕክምና ተማሩ። ከዚያ ወደ ዘ ሄግ ሄደው በዩልያና የሕፃናት ሆስፒታል የሕፃናት ሕክምናን አጠኑ። በ1936 የዚያው ሆስፒታል የሕክምና ዳይሬክተር ሆኑ። ዕድሜያቸው ገና 31 ነበር። ዛሬ ከመካከላችን ሦስተኛ ዲግሪ የሚሠሩት በሚገኙበት ዕድሜ፣ እሳቸው የአንድ ሆስፒታል ሕፃናትን ሁሉ ኃላፊነት ተሸከሙ ማለት ነው።

በዚያን ጊዜ ሐኪሞችን ግራ ከሚያጋቡ የሕፃናት ሕመሞች አንዱ ሲሊያክ የሚባለው ነበር። በደህና ሲያድግ የነበረ ሕፃን፣ ጡት ላይ ሌላ ምግብ ተጨምሮለት ጥቂት ወራት ሲያልፉ መክሳት ይጀምራል። እጅና እግሩ ይቀጥናል፣ ሆዱ ይነፋል። ዓይነ ምድሩ ይበዛል፤ ቀለሙ የገረጣ፣ ሽታው የከፋ፣ ስብ የበዛበት ይሆናል። ምግብ እምቢ ይላል፣ ይነጫነጫል፣ ቁመቱ ይቆማል። ብዙዎቹ ይሞቱ ነበር። የተረፉትም ለዓመታት እየዳኑ እየታመሙ ይኖሩ ነበር።

ሕመሙ አዲስ አልነበረም። በሁለተኛው መቶ ዘመን የነበረው የቀጰዶቅያው ሐኪም አሬቴዎስ ስለሚመስለው ሕመም ጽፏል፤ ስሙም ሆድ ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው። በ1888 የለንደኑ ሐኪም ሳሙኤል ጂ የሕመሙን መልክ በጥሩ ሁኔታ ገልጸው፣ ይድናል ከተባለ የሚድነው በምግብ ነው የሚል ሐሳብ አቀረቡ። የትኛው ምግብ እንደሆነ ግን አላገኙትም። በ1924 ደግሞ አሜሪካዊው ሐኪም ሲድኒ ሃስ የሙዝ ሕክምና ይዘው መጡ። ሕፃናቱ ሙዝ በብዛት እየበሉ፣ ከዳቦና ከሌሎች ብዙ ምግቦች እየተከለከሉ ተሻላቸው። ዓለምም ሙዝ መድኃኒት ነው ብሎ አመነ።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም እንበል። ሃስ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ለወጡ፦ ሙዝ ጨመሩ፣ ዳቦ ቀነሱ። ሕፃናቱን ያዳነው የተጨመረው ነው ወይስ የተቀነሰው? ሁለቱ አብረው ከተለወጡ መለየት አይቻልም። በዚህ ምክንያት ዓለም ለብዙ ዓመታት ሙዙን ሲያመሰግን ኖረ። ዛሬም አንድ ተማሪ ዳቦ ተውኩና ዳንኩ ሲል ያንኑ ጥያቄ መጠየቅ አለብን፤ ከዳቦው ጋር ኬኩን፣ ቡሬካሱን፣ ፒዛውንና የሌሊቱን ብስኩትም ትቷልና።

ዶክተር ዲከ የተነሡት ከትንሽ ፍንጭ ነው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ በሆላንድ የሕፃናት ሐኪሞች ዘንድ፣ ዳቦና ደረቅ ዳቦ ሲበሉ ሕመሙ ስለሚያገረሽባቸው ሕፃናት ይወራ ነበር። ልጃቸው ዳቦ ሲተው እንደሚሻለው ያስተዋሉ እናት ነገርም ወደ ዲከ ጆሮ ደረሰ። የእናት ወሬ ነው ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። እሳቸው ግን የሰሙትን እንደ እውነትም እንደ ከንቱም ሳይቆጥሩ፣ እንደሚፈተን ሐሳብ ያዙት።

አፈታተናቸው ለመናገር ቀላል፣ ለመሥራት ግን ትዕግሥት የሚጠይቅ ነበር። አንድ የታመመ ሕፃን ይወስዳሉ። ስንዴ የሌለበት ምግብ ለብዙ ጊዜ ይሰጡታል፤ ክብደቱን፣ ቁመቱን፣ የምግብ ፍላጎቱን፣ ዓይነ ምድሩን ይመዘግባሉ። ቀጥለው ሌላውን ምግብ እንዳለ ትተው ስንዴውን ብቻ ይመልሳሉ፤ እንደገና ይመዘግባሉ። ደግሞ ያወጡታል። እያንዳንዱ ሕፃን ከራሱ ጋር ነበር የሚወዳደረው። የክብደቱ መስመር በወረቀቱ ላይ ስንዴ ሲወጣ ይወጣል፣ ስንዴ ሲገባ ይወርዳል። ሥራው ሳምንታትና ወራት ብቻ ሳይሆን በአንዳንዶቹ ሕፃናት ላይ ዓመታት ፈጀ።

በ1941፣ አገራቸው በጀርመን ጦር ተይዛ ሳለች፣ የመጀመሪያውን ጽሑፋቸውን በሆላንድ የሕክምና መጽሔት አወጡ። ለሲሊያክ ሕፃናት ቀላል አመጋገብ ነበር ያቀረቡት፦ ዳቦና ደረቅ ዳቦ ይቅር፣ በቀን ሁለቴ ትኩስ ምግብ ይሰጥ፣ ሦስተኛው የስንዴ ዱቄት የሌለበት ገንፎ ይሁን የሚል። ጦርነት ነበርና፣ ጽሑፉም በሆላንድ ቋንቋ ነበርና፣ ከአገሩ ውጭ ብዙ ሰው አላየውም።

ከዚያ ሆላንዶች እስከ ዛሬ የረሃብ ክረምት የሚሉት ጊዜ መጣ። በ1944 መገባደጃ የጀርመን ጦር ወደ ምዕራብ ሆላንድ የሚሄደውን እህል ዘጋ። የአንድ ሰው የቀን ምግብ ከ1,000 ካሎሪ በታች ወረደ፤ በከፋው ወቅት ደግሞ ከዚያም በጣም አነሰ። ሰው የቱሊፕ አበባ ሥርና ስኳር የሚወጣበትን ቀይ ሥር መሰል ተክል (ሹገር ቢት) እየቀቀለ በላ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በረሃብ አለቁ። በሱዳን በረሃ በኡም ራኩባ መጠለያ ያለፉ ወላጆች ያሉን እኛ፣ ይህን ታሪክ የሩቅ አድርገን አናነበውም።

በዚያ መከራ ውስጥ ዲከ አንድ እንግዳ ነገር አዩ። ሌላው ሕፃን ሁሉ ሲከሳ፣ የሲሊያክ ሕፃናቱ ግን ዳቦ በመጥፋቱ አልባሱም፤ እንዲያውም ተሻላቸው። ነጻነት ቀርቦ ከውጭ እርዳታ ሲገባና ዳቦ ሲመለስ፣ ሕመሙም ተመለሰባቸው። ብዙ ሰው ታሪኩን ሲያወራ ግኝቱ በረሃቡ ጊዜ በድንገት የመጣ ያስመስለዋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ዲከ ከረሃቡ ብዙ ዓመታት በፊት ጥያቄውን ይዘው እየመዘገቡ ነበር፤ ረሃቡ ያመጣው ማረጋገጫውን ነው። ጥያቄ ያልያዘ ሐኪም ያንን ክረምት አይቶ ምንም ባላስተዋለ ነበር።

ከጦርነቱም በኋላ ቢሆን የዓለም ሐኪሞች ወዲያው አልተቀበሏቸውም። ለአውሮፓውያን ዳቦ የዕለት ጉርስ ብቻ ሳይሆን የበረከት ምልክት ነው። እንጀራ ለእናቶቻችን ምን እንደሆነ እናውቃለንና ይህን መረዳት አይከብደንም። ዳቦ ልጅ ይገድላል የሚል ሐኪም በቀላሉ አይታመንም። ዲከ ግን ነገሩን በክርክር ሳይሆን በልኬት ሊፈቱት ወሰኑ።

በዩትሬኽት የነበሩት የኬሚስትሪ ባለሙያ ቫን ደ ካመር በዓይነ ምድር ውስጥ ያለውን ስብ በትክክል የሚለካ ዘዴ ሠርተው ነበር። አንጀት ስብን መምጠጥ ሲያቅተው ስቡ ከሰውነት ይወጣልና፣ የሚወጣውን ስብ መለካት የአንጀትን ጤና መለካት ነው። ዲከ፣ ቫን ደ ካመርና የሕፃናት ሐኪሙ ወየርስ ተባበሩ። በ1950 ዲከ በዩትሬኽት ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጽሑፋቸውን አቀረቡ። ስንዴ፣ ራይ የሚባለው የአውሮፓ ጥቁር ዳቦ እህልና አጃ ወጥተው በሩዝ ዱቄት፣ በበቆሎ ስታርችና በድንች ሲተኩ፣ የሕፃናቱ የምግብ ፍላጎት እንደሚመለስና ስብ መምጠጥ እንደሚችሉ አሳዩ። ዕድሜያቸው በዚያን ጊዜ 45 ነበር። (አጃን በተመለከተ በኋላ የመጡ ጥናቶች፣ ከስንዴ ጋር ያልተቀላቀለ ንጹሕ አጃ አብዛኞቹን ታማሚዎች እንደማይጎዳ አሳይተዋል።)

ሦስቱ ሰዎች በዚህ አላቆሙም። ከስንዴው ውስጥ የትኛው ክፍል ነው ጥፋተኛው? ዱቄት በውሃ ታሽቶ ሲታጠብ ነጩ ስታርች ይሄዳል፣ እንደ ማስቲካ የሚለጠጠው ይቀራል። የሚቀረው ግሉተን ነው። በ1953 በወጡ ጽሑፎቻቸው፣ ስታርቹ ሕፃናቱን እንደማይጎዳ፣ ሕመሙን የሚያመጣው ግሉተኑ፣ በተለይም በአልኮል የሚሟሟው ግሊያዲን የሚባለው ክፍል መሆኑን አሳዩ። በ1952 በእንግሊዝ በርሚንግሃም ሻርሎት አንደርሰንና ባልደረቦቿ ያደረጉት ሙከራም ወደዚያው መርቶ ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ከትንሹ አንጀት ናሙና በቱቦ መውሰድ ተቻለ። የሲሊያክ ታማሚዎች አንጀት ምግብ የሚመጡትን እንደ ምንጣፍ ጸጉር የቆሙ ጥቃቅን እጥፋቶች አጥቶ ጠፍጣፋ ሆኖ ተገኘ። ዲከ በክብደት መስመር ያዩትን፣ ሌሎች በማይክሮስኮፕ አዩት።

በ1957 ዲከ የዩትሬኽት ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰርና የዊልሄልሚና የሕፃናት ሆስፒታል የሕክምና ዳይሬክተር ሆኑ። ብዙ አልቆዩም። ኤፕሪል 27 ቀን 1962 በ57 ዓመታቸው በዩትሬኽት ዐረፉ። የሆላንድ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ማኅበር በስማቸው የወርቅ ሜዳሊያ አቋቋመ። ከዚያ የሚበልጠው መታሰቢያቸው ግን ሳይሞቱ አድገው፣ ወልደው የከበዱ የሲሊያክ ሕፃናት ናቸው።

የዲከ ሥራ ሁሉ መለየት ነበር ብንል አንሳሳትም። ስታርቹን ከግሉተኑ ለዩ፣ ስንዴን ከሩዝና ከበቆሎ ለዩ፣ የሲሊያክ ሕፃንን ከጤነኛው ለዩ። በዚያው በዘ ሄግ እልፍ ሕፃናት ያንኑ ዳቦ እየበሉ ያድጉ ነበርና፣ ዳቦ ለሰው ሁሉ መርዝ ነው የሚል ነገር ከሥራቸው አይወጣም። ዛሬ በስማቸው ባይሆንም በግኝታቸው ላይ ተንጠልጥሎ የሚሄደው ወሬ፣ እሳቸው በሃያ ዓመት የለዩትን መልሶ የሚቀላቅል ነው።

ታዲያ በጤነኛ ሰው ሆድ ውስጥ ግሉተን ምን ይሆናል? ግሉተን ፕሮቲን ነው፤ በስንዴ፣ በገብስና በራይ ውስጥ ይገኛል። ፕሮሊንና ግሉታሚን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ስለሚበዙበት፣ የሆዳችን ኢንዛይሞች እንደ ሥጋ ወይም እንደ ባቄላ ፕሮቲን ሙሉ በሙሉ አይበጣጥሱትም። ጥቂት ረጃጅም ቁርጥራጮች ይተርፋሉ። ይህ የሚሆነው በጤነኛም በታማሚም አንጀት ነው። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ነው። በጤነኛው ሰው የተረፈው ወይ በአንጀት ባክቴሪያዎች ይበላል፣ ወይ ሳይጎዳ ይወጣል። ሲሊያክ ባለበት ሰው ግን የሰውነት መከላከያው ቁርጥራጮቹን እንደ ጠላት ያያቸውና፣ ሊዋጋቸው ሲል የራሱን አንጀት ያቆስላል። ለዚህ የሚያጋልጡ የዘር ምልክቶች አሉ፤ ምልክቶቹ ከሕዝብ አንድ ሦስተኛ በሚያህለው ሰው ላይ ይገኛሉ፣ ሕመሙ ግን የሚይዘው ከመቶ አንዱን ገደማ ብቻ ነው።

ነገሩ በጤነኞች ላይም ተፈትኗል። በ2019 የእንግሊዝ የሼፊልድ ተመራማሪዎች ወደ 30 የሚጠጉ ጤነኛ ፈቃደኞችን ግሉተን ከምግባቸው ካስወጡ በኋላ በሁለት ከፈሏቸው። ለሁለት ሳምንት ግማሾቹ ግሉተን ያለበት ዱቄት፣ ግማሾቹ የሌለበት ተሰጣቸው፤ ማን የትኛውን እንደወሰደ ሰጪውም ተቀባዩም አያውቅም ነበር። በሆድ መንፋት፣ በሕመምም ሆነ በድካም በሁለቱ መካከል ልዩነት አልታየም። በሌላ በኩል በ2018 በዴንማርክ 60 ጤነኛ ጎልማሶች ለስምንት ሳምንት ግሉተን ያነሰበት ምግብ ሲበሉ፣ የአንጀታቸው ባክቴሪያ ጥቂት ተለውጦ የሆዳቸው መነፋት ቀንሶ ነበር። ተመራማሪዎቹ ግን ምክንያቱን ለግሉተኑ ሳይሆን፣ ከስንዴው ጋር አብሮ ለተለወጠው የቃጫ ዓይነት ሰጡት። የሙዙ ታሪክ ተደገመ ማለት ነው፦ አንዱ ሲቀነስ ሌላውም አብሮ ተቀነሰ።

ዳቦ በልቶ ሆዱ የሚነፋ ሰው ታዲያ ይዋሻል? አይዋሽም። በስንዴ ውስጥ ፍሩክታን የሚባል የካርቦሃይድሬት ዓይነት አለ። ትንሹ አንጀታችን አይፈጨውም፤ ትልቁ አንጀት ሲደርስ ባክቴሪያዎች ያብላሉትና ጋዝ ይሆናል። በ2018 በኖርዌይ፣ ሲሊያክ ሳይኖርባቸው ግሉተን በተዉ 59 ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ሕመሙ ይበልጥ የተሰማቸው ፍሩክታን ሲሰጣቸው እንጂ ግሉተን ሲሰጣቸው አልነበረም። ለእኛ ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ፍሩክታን በቀይ ሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርትም ሞልቷል፤ ሽሮና ምስርም እንዲሁ ጋዝ የሚፈጥር ካርቦሃይድሬት አላቸው። ዳቦ በቀይ ወጥ በልቶ ሆዱ የተነፋ ሰው ዳቦውን ሲከስ፣ ድስቱ ሙሉ ሽንኩርት በነጻ ያመልጣል።

ግሉተን ያለ ምክንያት መተው ምን ይጎዳል ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። መጀመሪያ ኪስ ይጎዳል፤ የተማሪን ኪስ ደግሞ እናውቀዋለን። ሁለተኛ፣ በፋብሪካ የሚሠሩት ግሉተን አልባ ዳቦዎችና ብስኩቶች ብዙዎቹ ቃጫቸው አነስተኛ ነው። በ2017 በአሜሪካ ከ100,000 በላይ ሰዎችን ለረጅም ዓመታት የተከታተለ ጥናት፣ ጤነኛ ሰው ግሉተን በመቀነሱ ልቡ እንደማይጠበቅ አሳይቷል፤ እንዲያውም ሙሉ እህል ስለሚቀርበት ሊጎዳ ይችላል ብሏል። ሦስተኛውና ከሁሉ የከፋው ግን የምርመራው ጉዳይ ነው። የሲሊያክ የደም ምርመራ የሚፈልገው ሰውነት ግሉተንን ሲዋጋ የሚያመነጨውን ጸረ እንግዳ አካል ነው። ግሉተን ከተተወ ወራት ካለፉ እሱም ይቀንሳል፣ አንጀቱም ይጠግናል። ያን ጊዜ እውነተኛ ታማሚ ነጻ ነህ ተብሎ ሊመለስ ይችላል። ሕመሙን ሳያውቅም አንድ ቀን ዳቦ፣ አንድ ቀን ያለ ዳቦ እየኖረ በደም ማነስና በአጥንት መሳሳት ይጎዳል።

የዲከ መንገድ ዛሬ የሚቀጥለው ከእኛው ደጅ ነው። ፔታሕ ቲክቫ ውስጥ በ1991 የተከፈተው የሽናይደር የሕፃናት ሕክምና ማዕከል አለ። በ1991 ብዙ ወገኖቻችን በሰሎሞን ዘመቻ እስራኤል ገብተዋልና፣ ሆስፒታሉና ከመካከላችን የብዙዎቹ ቤተሰብ የእስራኤል ኑሮ እኩዮች ናቸው። ማዕከሉ፣ ከላይደን የሆላንድ ተመራማሪዎች በመሩትና ስምንት አገሮች በተሳተፉበት ጥናት ውስጥ ነበረበት። ቤተሰባቸው ውስጥ ሲሊያክ ያለባቸው 944 ሕፃናት ከአራት ወር ዕድሜ ጀምሮ ለስምንት ሳምንት ግማሾቹ በየቀኑ 100 ሚሊግራም ግሉተን፣ ግማሾቹ ግሉተን የሌለበት ተመሳሳይ ዱቄት ተሰጣቸው። ሐሳቡ ሕፃኑን ቀድሞ በማለማመድ ሕመሙን መከላከል ነበር። በ2014 በወጣው ውጤት መሠረት ማለማመዱ አልተከላከለም። መልካም ሐሳብ ነበር፤ ተፈተነ፣ አልሠራም፣ አልሠራም ተብሎም ተጻፈ። ዲከ ቢኖሩ አሠራሩን ይወዱት ነበር ብለን እናምናለን።

ከሆላንድ ጋር ሌላም ዝምድና አለን፤ እሱም ጤፍ ነው። በ2005 ዲከ በተማሩባት በላይደን ያሉ ተመራማሪዎች፣ ጤፍ የሲሊያክ ታማሚዎችን መከላከያ የሚቀሰቅስ ግሉተን እንደሌለው ባሳተሙት ጽሑፍ አሳዩ። በዚያው አካባቢ ጊዜ አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አሠራር ላይ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አውጥቶ ኢትዮጵያውያንን ክፉኛ አስቆጥቶ ነበር፤ በ2018 በዘ ሄግ ፍርድ ቤት መብቱ ውድቅ ተደረገ። እናቶቻችን ከሺህ ዓመት በላይ የኖሩበትን እህል የሆላንድ ላቦራቶሪ ንጹሕ ነው ማለቱ ደስ ይለናል፤ ባለቤቱን ለመለየት ፍርድ ቤት ማስፈለጉ ደግሞ ያስገርመናል።

ነገር ግን እንጀራ ሁሉ ጤፍ አይደለም። እስራኤል ውስጥ ጤፍ ስለሚወደድ ብዙ ቤት ከስንዴ ዱቄት ጋር ይቦካል። በጎንደርና በጎጃምም ገብስ የሚቀላቅል ነበር፣ አለም። ስለዚህ ሲሊያክ ያለበት ወንድም ወይም እኅት ቤታችን ሲመጣ እንጀራ ነው ብለን ብቻ አናቅርብ፤ ምኑ ምን እንደሆነ እንንገረው። በሶ የገብስ ነው። የገብስ ቆሎም፣ ከገብስ ብቅል የተጠመቀ ጠላም ለእሱ አይሆኑም። በፔሳሕም ከሐሜጽ መራቅ ከግሉተን መራቅ የሚመስለው አለ፤ ማጻ ራሱ ግን ከስንዴ የሚጋገር ነው።

ለእኛ ለተማሪዎች ከዚህ ሕይወት የሚተርፈው ነገር እንግዲህ ይህ ነው። ሆድህ ለሳምንታት ካልተመለሰ፣ ብረት እየወሰድሽ የደም ማነስሽ ካልለቀቀ፣ ያለ ምክንያት ከከሳችሁ፣ ወይም ወላጅ፣ ወንድም ወይም እኅት ሲሊያክ ካለባችሁ፣ ዳቦውን ሳትተዉ ወደ ኩፓት ሖሊም የቤተሰብ ሐኪማችሁ ሂዱና የሲሊያክ የደም ምርመራ ጠይቁ። ውጤቱ ሕመም አለ ካለ፣ ግሉተንን መተው ፋሽን ሳይሆን የዕድሜ ልክ መድኃኒት ነው፤ ሌላ መድኃኒትም የለውም፣ ፍርፋሪም አይፈቀድም። ሕመም የለም ካለና ሆዳችሁ ግን ካስቸገራችሁ፣ እንደ ዲከ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፣ ጻፉት፣ መልሱት፣ እንደገና እዩ። ከዳቦው በፊት ሽንኩርቱን መጠርጠርም አይከፋም።

ጤነኛ ከሆናችሁ ደግሞ የሰንበቱ ዳቦ ሲቆረስ እጃችሁን ዘርጉ። ዲከ ዳቦን የነፈጉት ለሚጎዳቸው ሕፃናት ብቻ ነው።